ከፊሽካ ጀርባ

ልብስ ሰፊዋ ስለዚያ ረግረግ ብትጠየቅ አጥርታ የምትናገርለት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የባሏ ጀርባ። ሰው ወፎቹን ለማየት ከስንት አገር አቋርጦ ይመጣል። ውሃው ላይ የሚተኛውን ጭጋግ ፎቶ የሚያነሳ አለ፣ ዳክዬ ሲነሳ ለማየት ከንጋት ጀምሮ ደንገል ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ አለ። እሷ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ያንን ሁሉ ውበት ዘልቃ የምትመለሰው ላብ ያራሰው ሸሚዝና ፀሐይ ያቀላው ማጅራት እያየች ነው።

ባሏ ጡረታ የወጣ የስፖርት አስተማሪ ነው። ተማሪዎቹ ፊሽካ ይሉት ነበር፤ እሱ ጡረታ ሲወጣ ስሙ አብሮት አልወጣም። ሰፈሩም፣ ዘመዱም፣ በሆዷ እሷም ፊሽካ ነው የምትለው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ አሰልፎ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ መጨረሻ ሲል ኖሮ፣ ቤት ሲገባ የሚያሰልፈው ቢያጣ እሷን ከኋላው አሰለፋት። "ከኋላዬ ሁኚ፣ ንፋሱን እኔ እሰብርልሻለሁ" ይላታል። እውነትም ይሰብርላታል፣ ይህንን አትክድም። ብቻ ንፋስ ሰብሮ የሚበቃው ሰው አልነበረም።

መንገዱ ለብስክሌት የተፈጠረ ነው። ውሃውን ለሁለት በከፈለ የአፈር ግድብ ላይ የተነጠፈ ቀጭን አስፋልት፣ መግቢያው በብረት የተዘጋ፣ መኪና ዝር የማይልበት። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው። መሀሉ ላይ የረግረጉ ጠባቂ ጎጆና አንድ የእንጨት አግዳሚ አለ። ፊሽካ እዚያ ሊደርሱ ሲሉ ከመቀመጫው ተነስቶ ይረግጥና አፈትልኮ ይጥላታል፤ ከዚያ አግዳሚው ላይ እግሩን ዘርግቶ ለጠባቂው፣ "መጣች ጭራዬ" ይለዋል። "ከብስክሌቱ ጋር መርቀው የሰጡኝ ናት፤ ልመልሳት ብል አንቀበልም አሉኝ።" ጠባቂው ጋሼን ላለማስቀየም ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ይሄ ይቻላል። ሴት ልጅ ስንቱን ችላ ትኖራለች። ያልተቻለው የአምናው ነው።

አምና መሀል መንገድ ላይ ሳሉ ስልኳ ጮኸ። ታናሽ እህቷ ናት። "እማዬ ትንፋሿ እያጠረ ነው። አንቺን ነው የምትጠራው፣ ቶሎ ነይ" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ ባሏን ጠርታ እንመለስ አለችው። መግቢያው ላይ ያቆሙት መኪና ቁልፍ ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ያለ መኪና ደግሞ ከዚያ ሩቅ ቦታ ከተማ የሚገባ የለም። ፊሽካ ዞር እንኳ አላለም። "እኔ ከግማሽ መንገድ ተመልሼ አላውቅም። ጨርሰን እንሄዳለን። እናትሽ እንደሆነች በየወሩ ነው የምትሞተው" አላት። ጨረሱ። ሲደርሱ እህቷ በር ላይ ቆማ ነበር፤ አልጋው ላይ ነጠላው እስከ ፊት ድረስ ተስቧል። የዚያን ቀን ማታ ስታለቅስ ሰምቶ ምን አላት? "እኔን አትይኝ። ብትፈጥኚ ኖሮ ትደርሺ ነበር።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ፊሽካ በሳምንቱ ረሳው። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ለመስፋት ማሽኗ ላይ በተቀመጠች ቁጥር ያቺ ቃል ትመጣባታለች፤ የማሽኑን መርገጫ ከጠዋት እስከ ማታ ስትረግጥ የምትረግጠው ያቺን ቃል ነበር። እንዲህ ስትረግጥ የከረመችበት ባቷ ድንጋይ ሆኗል። ይህንን ማንም አላየላትም፤ ከኋላ የሚሄድን ሰው እግር ማን ያያል።

ከዚያ ፊሽካን ደረቱን ያዘው። ሐኪሟ ልቡን አዳምጣ፣ የደረቱን ምስል አይታ፣ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው። "ብስክሌቱን አይተዉት። ሜዳ ከሆነና መኪና ከሌለበት እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ግን በዝግታ። ሩጫ የለም፣ ፉክክር የለም፣ ከሰው ጋር እልህ መጋባት ፈጽሞ የለም። ልብዎ አይችለውም።"

"ከማን ጋር ነው እልህ የምጋባው?" አለ ፊሽካ፣ በአገጩ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። "ከእሷ ጋር?"

ሐኪሟ ፈገግ አለች። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ባሏ ከተናገረው ሁሉ ደግማ ደጋግማ ያሰበችበት ይሄንን ነው።

ክፉ ሆነችበት ማለት አይደለም። ጨው ቀነሰችለት። ኪኒኑን ሰዓቱን ጠብቃ ከነውሃው ታቀርብለታለች፣ ትራሱን ከፍ ታደርግለታለች። ጎረቤት አይቶ "እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል" ይል ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይባላል። እሷ ግን ሳታስል ከረመች።

የዚያን እሑድ ጠዋት ፊሽካ ቀርፈፍ ብሎ ነበር የሚነዳው። ከኋላው ለመቆየት ብላ ስንት ጊዜ ፍሬን ያዘች። አግዳሚው ጋ ሲደርሱ እንደ ወትሮው ሊያፈተልክ ቢሞክር እግሩ እምቢ አለው፤ እኩል ወረዱ። ይሄ ሳይከነክነው አልቀረም። ጠባቂው ሰላም ብሏቸው ለእሷ ውሃ ሲያቀብላት ፊሽካ ላቡን እየጠረገ፣ "ለእሷ ስጣት፣ እሷ ናት የደከማት" አለው። "እንኳን እኔ ጋ፣ ለእናቷ ሞትም አልደረሰችም። እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ዝግመት አለ?"

ጠባቂው አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያይ ጀመር።

ልብስ ሰፊዋ ውሃውን ጠጥታ ጨረሰች። ኮዳውን መለሰች፣ አመሰገነች፣ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

"ወዴት ነው?" አላት ፊሽካ።

"ወደፊት።"

መጀመሪያ ያየችው ውሃውን ነው። ደንገሉ ሲያልቅ እንዲህ ያለ ሰፊ ውሃ መኖሩን አላወቀችም ነበር። እግረ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ዳር ዳሩን ቆመዋል። ንፋሱ ፊቷን ሲመታት እንባዋን አመጣው፤ ሰባሪ የሌለው ንፋስ ይሄ ከሆነ ያን ያህልም የሚያስፈራ አልነበረም። "ቁሚ፣ ምን ሆነሻል፣ ከኋላዬ" ሲል ሰማችው። ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋ ረገጠች።

ከዚያ ጩኸቱ ቆመና የብስክሌቱ ካቴና ድምፅ መጣ። መኪና በሌለበት መንገድ የሰው ትንፋሽ እንኳ ከሩቅ ይሰማል። የእሱ ትንፋሽ እንደ ተቀደደ ወናፍ ነበር። የምታደርገውን አላወቀችም የሚል ካለ አያውቃትም፤ የሐኪሟን ቃል አንድ በአንድ ታስታውሳለች። እግሯን ማሳረፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ብታሳርፍ ይደርስባታል፣ ይሰድባታል፣ ከፊት ይሆናል፣ ቤታቸው ይገባሉ። አላሳረፈችም። እሱም መተው ይችል ነበር። አልተወም። እልህ ምላጭ ያስውጣል።

መጀመሪያ ጎማው በጎኗ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ መሪው፣ ቀጥሎ ፊቱ። ብስክሌት ላይ ሳለ ፊቱን አይታው አታውቅም። አመድ መስሏል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ የሚያየው የለም። እኩል ሆኑ። ከዚያ አለፋት፤ ሙሉ ብስክሌት ያህል፣ በማያጠራጥር ሁኔታ አለፋት። እጁ ከመሪው ላይ ሲለቅ አየች። ብስክሌቱ ለብቻው ትንሽ ሄዶ ደንገሉ ውስጥ ገባ፣ እሱ አስፋልቱ ላይ ቀረ።

ወርዳ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገችው። ጠባቂው በብስክሌቱ ሲበር ይታያታል፤ መንገዱ ሜዳ ነውና ይታያል እንጂ ገና ሩቅ ነው። ፊሽካ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ጎንበስ አለችለት። ይቅርታ የሚል ወይም እግዜርን የሚጠራ መስሏት ነበር።

"ቀደምኩሽ?" አላት።

ዓይኑ ፊቷን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ምንም እንዳላየ ገባት። ሲያልፋት ያየች እሷ ብቻ ናት። የሚፈልገው አንዲት ቃል ነው፤ ቃሏም እውነት ናት፣ የቀራት መስጠት ብቻ ነበር።

"አልቀደምከኝም" አለችው፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ዝግ ብላ። "ትንሽ ቀረህ።"

ፊሽካ ሊነሳ ሞከረ። አንገቱ ጭኗ ላይ ጠነከረ፣ አንድ እግሩ አስፋልቱን ሁለቴ ገፋ። ከዚያ ለቀቀ።

ጠባቂው ደርሶ ብስክሌቱን ጥሎ ተንበረከከ። ደረቱን ነካው፣ አንገቱን ነካው፣ ኮፍያውን አወለቀ። ያለቅሳል። የወፍ ማያ መነጽሩ አንገቱ ላይ ይወዛወዛል። "በዚህ መነጽር አይቻቸው ነበር፣ እትዬ" አላት፣ የሚያጽናናት መስሎት። "ጋሼ ቀድመውዎት ነበር እኮ። እንዴት አድርገው እንዳለፉዎት።"

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ዓይኖች በመዳፏ ከደነች። በደንብ መከደናቸውን አየች።

"አዎ" አለች። "ቀድሞኝ ነበር።"