ጉብታው ይታያል

«ከመጣ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም» አሉ አያ አንሙት፣ ዳሱ ውስጥ አጠገባቸው ወደ ተቀመጡት ለቀስተኞች ጎንበስ ብለው። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው።»

እንዳላማው ሰምቶ እንዳልሰማ ዓይኑን ከመሬት አልነቀለም። ዕለቱ የታላቅ ወንድሙ የወልደ ሚካኤል ሰልስት ነው። ወልደ ሚካኤል ሐሙስ ጧት ከይጁቤ ወዲህ ባለው ማሳው ጤፍ ሲያርም፣ አውሮፕላን በጣለው ቦምብ ሞቶ በዚያው ቀን ተቀበረ። እንዳላማው ከደብረ ማርቆስ የደረሰው በማግስቱ ነው።

ለቀስተኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ አውሮፕላኑ ያወራሉ። አንዱ፣ ብረት ሆኖ እንደ ድመት ዝናብ ይፈራል እያልን ስንስቅበት ከርመን ጉድ ሠራን አለ። ሌላው፣ በደመና ቀን መጥቶ አያውቅም ነበር ሲል መለሰለት። አያ አንሙት ወደ እንዳላማው ዞሩ።

«አንተ እዚያው አይደለህ? ያን ዕለት ማርቆስ በደመና ደፍኖ አልነበረም?»

«ደፍኖ ነበር» አለ እንዳላማው። እውነቱን ነው።

የመንደሩ ሰው እንዳላማው ጣሊያኖች አውሮፕላን በሚያሳርፉበት ሜዳ እንጨትና ውሃ እንደሚያመላልስ ያውቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ሥራው ይኸው ነበር። በኋላ ግን የራዲዮ ሠራተኛው፣ መነጽር የሚያደርገው ጣሊያን፣ ዓይኑ ሩቅ እንደሚያይ ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ በየጧቱ ከረጅሙ የብረት ምሰሶ ሥር ያቆመውና የአራት ቦታዎች ስም ከደብተሩ እያነበበ ይጠይቀዋል። ይታያል? አይታይም? የእንዳላማውን መልስ ጽፎ፣ ራዲዮው ላይ በጣቱ እየመታ ወደ ሩቅ ይልከዋል። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚያ ከሩቁ ነው፤ መምጣት አለመምጣታቸው የሚቆረጠው በዚህ መልእክት ነው። የእንዳላማው ቃል አንድም ቀን ተሳስቶ ስለማያውቅ ጣሊያኑ በሩቅ ማሳያ መነጽር ማረጋገጡን ከተወ ቆይቷል።

ማየትን ያስተማረው ወልደ ሚካኤል ነው። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገው እሱ ነበር። በውቂያ ሰሞን የድንጋይ ካቡ ላይ ያቆመውና ከጮቄ በኩል ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ግምት አይወድም። «የመሰለህን ተው፤ ያየኸውን ንገረኝ» ይለው ነበር። ባለፈው ፋሲካ ምን ሥራ እንደሰጡት ጠይቆት፣ እንዳላማው «ሩቅ ማየት» ቢለው፣ «ለዚህም ይቀልባሉ?» ብሎ ስቆ ተወው።

ሐሙስ ጧት ደመናው ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር። ጣሊያኑ ከአራቱ ቦታዎች አንዱ በሆነው፣ ከይጁቤ በላይ ባለው ጉብታ አንጻር «አይታይም» ብሎ ራሱ ጽፎ፣ እጁን ወደ ራዲዮው ሰዷል። እንዳላማውን የጠየቀው ሰው የለም። እሱ ግን «ቆይ፣ ይታያል» አለ። በደመናው ሥር በተከፈተች ቀዳዳ ጉብታው፣ ጉብታው ላይ ያሉት የቤተ ክርስቲያኑ ጽዶች ሳይቀሩ ወለል ብለው ይታዩ ነበር። በጣቱ አሳየው። ጣሊያኑ የጻፈውን ሰርዞ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እንዳላማው ደስ አለው። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስታውሰው አንገቱን የሚያስደፋው ይህ ደስታ ነው።

የሟች ሚስት፣ የብርጓል፣ ገበታ ይዛ መጥታ ከፊቱ አስቀመጠች።

«ብላ እንጂ። እሱ ቢያይህ ይቆጣሃል።»

በአገሩ ልማድ ገዳይና የሟች ወገን ደሙ ሳይታረቅ ከአንድ ገበታ አይቆርሱም። እንዳላማው በአንድ ገላ ሁለቱንም ሆኖ ተቀምጧል።

«እታለም፣ እዚህ ገበታ የምቀርብ ሰው አይደለሁም» አላት። ከዚያም በሹክሹክታ፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ በተራ ነገራት። ትከሻውን መታ መታ መደረጉን እንኳ አላስቀረም።

የብርጓል አላለቀሰችም።

«ማርቆስ ደፍኗል፣ ዛሬ አይመጡም ብሎ ነው የወጣ» አለች በመጨረሻ። «አይታይም ብትል ምን ያደርጉህ ነበር?»

«ምንም።»

«ይገርፉህ ነበር?»

«አይገርፉኝም። ዝም ብል ይበቃ ነበር።»

ወደ ዳሱ በር ተመለከተች። የባሏ አጎት ልጆች ጠመንጃቸውን ታቅፈው እዚያ ተቀምጠዋል። አንድ ቃል ከአፏ ቢወጣ እንዳላማው ከዚህ ዳስ በእግሩ አይወጣም፤ እሱም ያውቀዋል። አልተንቀሳቀሰም።

የብርጓል፣ ያልተነካውን እንጀራ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና ገበታውን አንሥታ ቆመች።

«በላልሽ?» አሉ አያ አንሙት።

«በላ» አለች፣ ፊቷን ወደ እንዳላማው ሳትመልስ፤ ገበታውን ይዛ ወጣች።

ጎረቤቷ ደብሪቱ ይህን ሰምታ፣ የበላ ሰው ልታስታጥብ ውሃ በቅል ይዛ መጣችና ከፊቱ ጎንበስ አለች። እንዳላማው ምንም ያልነካበትን እጁን ዘረጋ፤ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሸ።