ሁለተኛው ፊርማ

ጨርቁ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዝ የአሳንሰር መካኒኩ እጁን ሰበሰበ። የብረቱን ገመድ በዝግታ እያስኬዱ በጥጥ ጨርቅ መዳበስ የሙያው ወግ ነው፤ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጨርቁን ይነክሰዋል። ባለፈው ወር አንድ ቦታ ነክሶት፣ በሚቀጥለው አየዋለሁ ብሎ አልፎት ነበር። ዛሬ ሦስት ቦታ ነከሰው። ጣሪያው ሥር ባለው የማሽን ክፍል ውስጥ ነው፤ ከእግሩ ሥር ስምንት ፎቅ አለ፤ ነዋሪዎቹ ታች ቆመው ይጠብቃሉ።

እንዲህ ሲጨንቀው የሚጠይቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የሥራ ጓዶቹ «ቀስበል» ይሉታል፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ መጀመሪያ የጫማውን ክር የሚያስር ሰው ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ደንቡ ለምርመራ ሁለት ሰው፣ ለቅጹም ሁለት ፊርማ ይላል። ቀስበል ታሞ ከተኛ ወዲህ ግን መካኒኩ ብቻውን እየመጣ ለሁለቱም ይፈርማል። «ደመወዙ እንዳይቋረጥ ፈርምለት» ያለው ኃላፊው ነው። እሱም ለጓደኛ የሚደረግ ትንሽ ውለታ መስሎት ደስ እያለው ፈረመ። ሊጠይቀው ግን አልሄደም። የታመመ ሰው ፊት መቀመጥ አይሆንለትም፤ ነገ ነገ ሲል ወራት አለፉ።

ደወለ። ያነሳችው የቀስበል ሚስት ናት።

«እህቴ፣ እንደምን አላችሁ? እስቲ እሱን አገናኚኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቀው።»

«አልሰማህም እንዴ?» አለች ሴትዮዋ። «ካረፈ አራት ወር ሊሞላው ነው። ቀብሩ ላይ ዓይኔ ሲፈልግህ ዋለ። ተቀይሞን ይሆናል ብዬ ተውኩት።»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ለመሥሪያ ቤታችሁ በማግስቱ ነግሬያለሁ እኮ። ኃላፊያችሁ ራሱ መጥቶ አጽናንቶኛል። ደመወዙንም ያኔውኑ ዘጉት።»

በመጨረሻዎቹ ቀናት በር በተንኳኳ ቁጥር «እሱ ነው፤ ክፈቱለት» ይል እንደነበር ነገረችው። ስልኩን ምን ብሎ እንደዘጋ አያስታውስም። የዘይት ጣሳው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አንድ ጊዜ መካኒኩ ኃይል ሳያጠፋ ወደ አሳንሰሩ ጉድጓድ ጎንበስ ሲል በኮሌታው ይዞ ወደ ኋላ የወረወረው፣ ከዚያም ቀኑን ሙሉ ተቆጥቶ ያላነጋገረው ቀስበል ነው። ማታ ሲለያዩ «ለልጆችህ ምን ብዬ ልነግራቸው ነበር?» አለው እንጂ ሌላ ቃል አልወጣውም። እሱ ቢኖር አንዷን ሽቦ አይቶ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ሳይደርቅ በእርጥቡ ብሎ ያን ቀን ሥራውን ያስቆም ነበር።

እንባውን ጠርጎ ቅጹን ሲያነሳ የጓደኛው ስም እንደወትሮው በሁለተኛው መስመር ተተይቧል። ሦስት ጊዜ በሙት ስም ፈርሟል፤ ኃላፊው ደግሞ ሌላ ሰው ላለመቅጠር እያወቀ ስሙን እያስተየበ ልኮለታል። ገመዱ ሰው ጭኖ ቢበጠስ አንደኛው ፈራሚ መቃብር ውስጥ ነው። የሚጠየቀው በሕይወት ያለው ነው።

ለኃላፊው ደውሎ ስለ ገመዱ ነገረው። ገመዱ ገና ሦስት ወር ያገለግላል፣ አትቸኩል አለው።

«ቀስበል ሞቷል» አለ መካኒኩ።

ኃላፊው አልደነገጠም። «ነፍሱን ይማረው። እንዳይከብድህ ብዬ ነው ያልነገርኩህ። በል እንደለመድከው ፈርምና ና።»

«በሙት ስም?»

«እስከ ዛሬስ በማን ስም ስትፈርም ነበር?» ድምፁ ለስላሳ ነው። «የእጅህ ጽሑፍ መሆኑን አንተም እኔም እናውቃለን። የልጆች አባት ነህ፤ ተረጋግተህ ሥራህን ሥራ።»

በዚህ መሃል የሕንፃው ተቆጣጣሪ ደረጃውን በእግሯ ወጥታ እያለከለከች በሩ ላይ ቆመች። አንዲት ነፍሰ ጡር ታች መቆም አቅቷት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ መቼ ነው የሚከፈተው አለችው።

መካኒኩ የአሳንሰሩን ዋና ማብሪያ አጠፋ። ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በራሱ መስመር ፈረመ። በሁለተኛው መስመር ላይ፣ ይህ ሰው ከሞተ አራት ወር ሊሞላው መሆኑን፣ ያለፉትን ሦስት ጊዜ በስሙ የፈረመው እሱ ራሱ መሆኑን፣ ገመዱ ሳይቀየር ሰው እንዳይጫንበት ጻፈ። ወረቀቱን ወደ መሥሪያ ቤት ሊወስደው አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ትንሽ አሰበና መልሶ አወጣው።

«እንቺ» አላት ለተቆጣጣሪዋ። «መጀመሪያ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ታች በሩ ላይ ለጥፊው።»