ሁለት መቶ ስድሳኛው ጨዋታ

ጋርዝ ሊንድቦም ላቡ ሳይደርቅ አሰልጣኙ ቢሮ ተጠራ። የጠዋቱ የበረዶ ሆኪ ልምምድ ገና ማለቁ ነበር፤ ስለታም የበረዶ ጫማውን ሳያወልቅ በላስቲኩ ምንጣፍ ላይ እየተንገዳገደ ገባ።

"በሩን ዝጋው" አለው አሰልጣኙ ፔሎኪን። "እስከ ትናንት ስንት ጨዋታ አለህ?"

"ሁለት መቶ ሃምሳ ዘጠኝ።"

"ታውቀዋለህ ማለት ነው።"

"የራሱን የማያውቅ ማን አለ፣ ኮች?"

በሊጉ ደንብ የውድድር ዓመቱ ሲጀምር ሁለት መቶ ስድሳ ጨዋታ የሞላው ተጫዋች ለዚያ ዓመት "ነባር" ይባላል። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከአራት ነባር በላይ ማሰለፍ አይፈቀድለትም፤ ፔሎኪን ደግሞ አራቱንም ለከርሞ አስፈርሟል። ዛሬ ማታ የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ነው። ጋርዝ ከተሰለፈ ለከርሞ አምስተኛ ይሆናል፤ አምስተኛ ነባር ደግሞ ቤት የለውም።

"ስለዚህ ዛሬ ታመሃል" አለ ፔሎኪን። "ቁርጭምጭሚት እንበለው። ጥሎ ማለፉ አይቆጠርም፤ ካለፍን እዚያ ትጫወታለህ።"

"ዛሬ ተሸንፈን ከቀረንስ?"

"ብንቀርም ለከርሞ ውልህ እጄ ላይ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመትህ ነው፣ ጋርዝ። ሌላ የሚፈልግህ ቡድን ካለ ስልክ ቁጥሩን ለእኔም ስጠኝ።" የማታውን ተሰላፊዎች የስም ዝርዝር ወደ ጎን ገፋ አደረገው። "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለዳኞች አስረክበዋለሁ።"

ጋርዝ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሚስቱ ጋ ደወለ። ጆሊን ነርስ ናት፤ ግን ከካናዳ በእሱ የሥራ ፈቃድ ተንጠልጥላ ስለመጣች እዚህ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ መሥራት አይፈቀድላትም። ስድስት ዓመት ሙሉ የትምህርት ማስረጃዋን በካርቶን ይዛ ከከተማ ከተማ ተከትላዋለች። አሁን ካናዳ፣ ሪጃይና ያለ ሆስፒታል ቋሚ ቦታ ሰጥቷታል፤ መልሷን የሚጠብቀው እስከ ዛሬ ማታ ነው።

"ሌላ አንድ ዓመት ሰጡኝ" አላትና ነገሩን ነገራት።

"እና ደስ አለህ?"

"እንጀራ ነው እኮ፣ ጆ።"

"እሱን ማን ካደ? ሚያዝያ በመጣ ቁጥር 'አንድ ዓመት ብቻ' ትለኛለህ። እኔ መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ።"

"ተወው በይኝና ልተወው።"

"አልልህም። በኋላ 'አንቺ ነሽ ያስተውሽኝ' እንድትለኝ አልፈልግም። እነሱ የእኔን ስልክ ይጠብቃሉ፣ እኔ የአንተን።"

ከጨዋታ በፊት ሁልጊዜ ይተኛ ነበር፤ ዛሬ ግን ጎኑን ማሳረፍ አቃተው። በመኪናው የከተማውን ድልድይ ሦስት ጊዜ ተሻግሮ ተመለሰ። ቤንዚን ሳያስፈልገው ማደያ ገብቶ ወጣ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የማይሰለፍ ተጫዋች እንደሚለብሰው ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ ወደ ስታዲየሙ ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ቬርናን አገኛቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከቡድኑ ወንበር ጀርባ የተቀመጡ ደጋፊ ናቸው። ጋርዝ ሲያያቸው ማነከስ ጀመረ።

"ምነው በሱፍ? ሰው ሞተ እንዴ?"

"ጠዋት ቁርጭምጭሚቴን ተመታሁ።"

"ጠዋት ልምምዱ ላይ ነበርኩ እኮ። እንደ ፍየል ስትዘል አይቼሃለሁ።"

"መጨረሻው ላይ ነው።"

አሮጊቷ እግሩን ተመለከቱ፤ ቀጥሎ ምርኩዛቸውን ዘረጉለት። "እንካ።"

"ኧረ ይተዉት፣ ወይዘሮ ቬርና።"

"ያዝ አልኩህ። እኔ የደረጃውን ብረት ይዤ እወጣለሁ። የእኔ ዳሌ እንደሆነ ሐኪም የገጠመው ነው፤ የሚሰበር የለውም።"

አንድ በአንድ እየረገጡ ወጡ። ጋርዝ ምርኩዙን ይዞ ቀረ። ለቁመቱ አጭር ስለነበር ለመደገፍ ጎበጥ ማለት ነበረበት። አሥር እርምጃ ያህል ሄደ። በረዶውን የሚያስተካክለውን መኪና የሚነዳው ሰው አይቶት በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። ጋርዝ ፊቱ ጋለ። የከርሞው እንጀራ የሚገኘው እንዲህ ነው፤ ቁጥር እንዲያንስለት ሌላ ሰው በሽታ መርጦለት።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጥቶ ደረሰባቸው።

"ዋሽቼዎታለሁ። ምንም አልሆንኩም።"

"መጀመሪያ ግራህን አነከስክ፣ ቀጥለህ ቀኝህን" አሉ ወይዘሮ ቬርና ምርኩዛቸውን እየተቀበሉ። "እኔ ደግሞ ሁለቱም የታመሙ መስሎኝ።"

ጋርዝ እዚያው ደረጃው ላይ ቆሞ ደወለ።

"ደውዪላቸው" አላት ጆሊንን።

"ምን ብዬ?"

"እንመጣለን ብለሽ።"

"አሁኑኑ ልደውል፣ ሐሳብህን ሳትቀይር" ብላ ዘጋችው።

ፔሎኪን ዝርዝሩን ሊያስረክብ ከቢሮው ሲወጣ ጋርዝ በሩ ላይ ጠበቀው።

"አስገባኝ።"

"ለከርሞ ቦታ የለኝም" አለ ፔሎኪን። "ነገ መጥተህ እንዳትለምነኝ።"

"አልመጣም።"

ፔሎኪን ትክ ብሎ አየውና ወረቀቱን ከነእርሳሱ ሰጠው። ጋርዝ እርሳሱን መለሰለት፤ ከኮቱ ኪስ እስክሪብቶ አውጥቶ፣ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ስሙን ጻፈ።