ጀርባዬን እይልኝ

«ልብሷን አምጡልኝ! የልጄን ልብስ ይዤ ላልቅስ!»

እትዬ ዘርፉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ደረታቸውን እየደቁ ድንኳኑን አልፈው ቤት ገቡ። የሟቿ አክስት ናቸው፤ ከመቂ ገና መድረሳቸው ነው። ቀብሩ አምልጧቸዋልና የሚያጽናናቸው ጠፋ።

ንዋይ ከተቀመጠበት ፍራሽ ላይ ቀና አለ። ሚስቱን ትናንት ነው የቀበረው። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ሰብለወንጌል ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ስታርፍ፣ እዚያው ተገንዛ እንድትመጣ የለመነው እሱ ነበር፤ የሰፈር ሴት ገላዋን እንዳታይ። አልቃሽ ልብሷን እንደሚጠይቀው ግን አላሰበም። ለአልቃሽ የሟች ልብስ መከልከል ደግሞ እንዴት ይቻላል?

«ምን ትጠብቃለህ? ስጣቸው እንጂ» አሉት እናቱ ወይዘሮ ዘመናይ።

እሳቸውና ምራታቸው ሆድና ጀርባ ሆነው ነው የኖሩት። ነገሩ ሌላ አይደለም፤ ሰብለ ለቅሶ ቤት አትቀመጥም። ማንም ይሙት ማን ትመጣለች፣ እንደቆመች «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ትላለች፣ ውልቅ ትላለች። ሰው እስከ ሠልስት ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ በሚውልበት ሰፈር ይሄ ከስድብ አይተናነስም። የእድሩ ሴቶችም አልረሱላትም። ዛሬ እነሱም እንደቆሙ አፍንጫቸውን ጠራርገው ይወጣሉ። «እሷስ ማን ጋ ቁጭ ብላ ታውቃለች?» ሲባባሉ ንዋይ በጆሮው ሰምቷል።

አለቃዋ አቶ ያደታ ግን ሲያመሰግኗት ነው የዋሉት። ሞጆ ደረቅ ወደብ በትራንዚተርነት የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ እያስለቀቀች ስትሠራ፣ ስብሰባ ላይ እንኳን በሩ አጠገብ ትቆም ነበር አሉ፤ ከሥራ ፍቅር የተነሳ።

ወይ የሥራ ፍቅር! በመጀመሪያ ምጧ ጊዜ ሕፃኑም አልተረፈ፣ እሷም ተጎድታ ቀረች። በኋላ በቀዶ ሕክምና ቢሰፋላትም ሽንቷን መቋጠር አቃታት። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ሥራዋን ትጀምራለች፤ መልበስ ለእሷ ሥራ ነበር። መጀመሪያ ዳይፐሩ፣ በላዩ ራሷ ላስቲክ የሰፋችበት ጠበቅ ያለ ሙታንታ፣ ከዚያ ጥቁር ወይ ደማቅ ሰማያዊ ጉርድ፣ በዚያ ሁሉ የናዝሬት ሙቀት ዳሌዋን የሚሸፍን ኮት። ነጭ ልብስ ለፋሲካም አልለበሰችም። ቅያሪዋ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል። ሚኒባስ ላይ ሻርፕ አጥፋ ከሥሯ አንጥፋ ነው የምትቀመጠው። ውሃ እንደ መርዝ ስለምትፈራ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነው ማታ የምትገባው።

በመጨረሻ በሩ ጋ ስትደርስ ጀርባዋን ትሰጠዋለች።

«ጀርባዬን እይልኝ።»

ጎንበስ ብሎ ያያል። «ደህና ነሽ፤ ሂጂ» ይላታል። ያኔ ትከሻዋ ይፈታል፤ ትሄዳለች።

ዳይፐሩን የሚገዛው እሱ ነበር፤ ሰው እንዳያውቀው ቢሾፍቱ ድረስ ሄዶ። ለማን እንደሆነ ሲጠይቁት «ለእናቴ» ይላል፤ «ይማርልህ» ይሉታል። እናቱ ታዲያ ጤነኛ ናቸው። ሰብለ ለእሳቸውም፣ ለማንም፣ ብትሞት እንኳን እንዳይናገር አስምላዋለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ተነሳ። አንድ ጉርድ ብቻ መዝዞ መልሶ ሊቆልፈው አስቦ ቁም ሣጥኑን ገርበብ አደረገ። ጉርዱን ከመስቀያው ሲመዝዝ ላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው ፌስታል ተደፋ። ዳይፐሩ ወለሉ ላይ ተበተነ። ቀና ሲል እናቱ፣ እትዬ ዘርፉና ሁለት የእድር ሴቶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ይሄ የትልቅ ሰው አይደለም እንዴ?» አለች አንደኛዋ። ዓይኗ ከወለሉ ወደተሰቀሉት ጥቁር ልብሶች ሄደ።

«አለቀላት» አለ ንዋይ በልቡ፤ ስትሸሸው የኖረችው ሐፍረት ከሞተች በኋላ ደረሰባት።

ወይዘሮ ዘመናይ ዳይፐሩን አዩ። ጉርዶቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ የልጃቸውን ፊት አዩና ገባቸው። ሰፈሩ አንገቷን የማትደፋ ሴት እያለ የሚፈራቸው እኒያ ሴትዮ በጉልበታቸው ተንበርክከው ይለቅሙ ጀመር።

«የኔ ናቸው» አሉ። «ምን ያስደነግጣችኋል? አርጅቻለሁ፤ ሽንቴ ያመልጠኛል። እሷ ነበረች የምትሸፍነኝ።»

ሴቶቹ አፍረው ዓይናቸውን ሰበሩ። «ይማርዎት፣ እትዬ ዘመናይ» ብለው ወጡ፤ በዚያ ሰፈር ወሬው ሳይመሽ እንደሚዳረስ እሳቸውም ያውቃሉ። እትዬ ዘርፉ አንዱን ጉርድ ታቅፈው እያለቀሱ ተከተሏቸው። እናትየው በሩን ዘጉ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስምላኝ ነው፣ እማዬ።»

«እኔ እኮ ኩራት መስሎኝ...» አሉ። «በሰው ፊት ስንቴ አዋረድኳት፣ ልጄ።» ያን ጊዜ ነው ለምራታቸው ከልባቸው ያለቀሱት።

በሠልስቱ ጠዋት ልብሷ ለነዳያን ሊሰጥ ተወሰነ። ላስቲክ የተሰፋባቸውን ሙታንታዎች እናትና ልጅ ጓሮ ወስደው አቃጠሏቸው። የቀረውን ወይዘሮ ዘመናይ በሩ ጋ ተቀምጠው እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ ከተቱ። መጨረሻ ላይ ለሥራ የምታዘወትረው ሰማያዊ ጉርድ ቀረ፤ ንዋይ ከእጃቸው ወሰደው።

በወገቡ ይዞ በሩ ላይ አንጠለጠለው፤ የጀርባውን በኩል ወደ ብርሃኑ አዞረ። ጎንበስ ብሎ ከላይ እስከ ታች አየው። ምንም የለበትም።

«ደህና ነሽ፤ ሂጂ» አለና ለእናቱ ሰጣቸው።