ለታይናን ፀሐይ የፈረስ ቆዳ

ጡረታ የወጣው የታይናን ከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሊያኦ ጂን-ፉ ስለ ቆዳ አንዳች የማያውቅ ሰው ነው። አለማወቁ ግን ምክር እንዲሰማ አላደረገውም።

«ጋሼ፣ እኛ ታይናን በብርዱ ወር እንኳ ሰው ያልበዋል» አለው የቆዳ ጃኬት ሻጩ። «ስስ የፍየል ቆዳ ይውሰዱ፤ ገበር የሌለው። ላብ አያፍንም፣ እንደ ልብ ይተጣጠፋል።»

«ያኛውስ?»

«እሱማ የፈረስ ነው። በረዶ ለሚወርድበት አገር ነው የሚሆነው።»

ጂን-ፉ የፈረሱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመ። ቦርጩ የለም! በረዶ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ሰውዬ እዚያው ልቡ ተሰለበ።

ቦርጩን መደበቅ የፈለገው ያለ ነገር አልነበረም። የዓሣ ገንፎ ቤት ያላት ሹ-ሺያንግ ቤቷን ዘግታ ሰሜን ወዳለው ልጇ ልትሄድ ነው። ከመሄዷ በፊት በሞተሩ ተራራው ላይ እስካለው ፍል ውሃ ድረስ ሊወስዳት ጠይቋት እሺ ብላዋለች። እዚያ ሲደርሱ ፊት ለፊቷ ቆሞ «አትሂጂ» ሊላት ነው። ስንት ዓመት ገንፎዋን እየበላ ያላለውን ቃል ጃኬቱ እንዲልለት ነበር ተስፋው፤ ሞኝነቱ ለራሱም ይታወቀዋል።

የጉዞው ቀን ጠዋት ነፋስ ስለነበረ እንደ አገሩ ሞተረኛ ሁሉ ጃኬቱን ገልብጦ፣ መክፈቻውን በጀርባው አድርጎ አጠለቀው። ግትሩ ቆዳ ከትከሻው እየተንሸራተተ ቢያስቸግረው ሹ-ሺያንግ ከኋላው ሆና ዚፑን እስከ ማጅራቱ ዘጋችለት።

ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ጠነከረች። ክንዱ አልታጠፍ አለ፤ አፍንጫውን ሲበላው እንኳ ማከክ አቃተው። ላቡ እስከ ካልሲው ወረደ። ምክር አልሰማ ያለን መከራ ይመክረዋል እንዲሉ፣ አሁን መከራው ጀርባው ላይ ተቀምጦ ይመክረው ጀመር። «አውልቂልኝ» እንዳይል ኩራቱ ያዘው። ዓይኑ ብዥ ሲልበት ግን ከተራራው ግርጌ ሞተሩን አቆመ።

«አ-ፉ!» አለችው ሹ-ሺያንግ ስሙን አቆላምጣ። «ምን ሆነሃል? እንደ ተቀቀለ ሽሪምፕ ቀልተሃል እኮ!»

«ዚፑ...» አለ።

«ዙርልኝ። ኧረ ዝም ብለህ ቁም! ባለ ስንት ዓመት ሕፃን ነው ይሄ?»

ስትጎትት ዚፑ ግማሽ ላይ ተያዘ። ጂን-ፉ እጆቹን እንደ ማስፈራርቾ ዘርግቶ፣ ከፊቱ የቆመውን የሙዝ ዛፍ እያየ፣ ያሰበው ሁሉ እንደተበላሸ ገባው። ፍል ውሃው አይታይም። ፊት ለፊቷም አይደለም። አፈረ፤ በጣም አፈረ። ከዚህ በላይ ሊያሳፍረው የሚችል ነገር ስላልቀረ ለሙዙ ዛፍ ተናገረ።

«አትሂጂ።»

ጀርባው ላይ የነበረው እጅ ቆመ።

«አሁን ነው የምትለኝ? ዕቃዬን እኮ ልኬዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

ሹ-ሺያንግ ዚፑን እንደገና ታገለችው።

«የገንፎውን ድስት አልላኩም» አለች።