ሊፍቱ እስኪሠራ

«ቁሙ! እዚያው ቁሙ!»

ድምፁ የመጣው ከታች፣ ከመግቢያው በር በኩል ነበር። ገናናው ግን ልቁም ቢልም የሚችል አልነበረም። የወንበሩ አንድ እግር ትከሻው ላይ ነው፤ ከታች በኩል የያዘው እሱ ስለሆነ ደረጃ በወረዱ ቁጥር ክብደቱ ሁሉ ወደ እሱ ያዘነብላል። ወንበሩ ላይ የሰማንያ ስምንት ዓመቱ አዛውንት ናኡም ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በገናናው ሚስት መቀነት ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ታስረው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ማነው የሚጮኸው?» አሉ ናኡም።

«ሐውስማይስተሩ ነው። የሕንፃው ጠባቂ።»

«ሰባት ሳምንት ሙሉ ስደውልለት የት ነበረ? ቀጥሉ!»

ቀጠሉ።

ናኡም የሚኖሩት ፍራንክፈርት፣ ጉትሎይትፊርቴል በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው ሊፍት የቆመው የአይሁድ የመከር በዓላት ባለፉ ማግስት ነበር። አስተዳደሩ «ዕቃው ታዟል» ይላል፤ ዕቃው ግን አይመጣም። ናኡም ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት በምርኩዝ ይሄዳሉ እንጂ ደረጃ ከተዉት ቆይተዋል። እናም ሊፍቱ ሲቆም እሳቸውም አብረው ቆሙ። ሐምቡርግ የሚኖረው ልጃቸው ግሪሻ ይህችን አጋጣሚ አላለፋትም፤ የአረጋውያን መጦሪያ ቦታ አግኝቼልሃለሁ እያለ በየቀኑ ይደውላል።

እንዲህም ሆኖ ናኡም ብቻቸውን አልነበሩም። ኦስትኤንድ ሰፈር በሚገኘው ትንሽ ምኩራብ ውስጥ የወንዶች ማኅበር አለ። አባላቱ እሁድ እሁድ ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ አብረው ቁርስ ይበላሉ፤ ከዚያ ሥራ ይከፋፈላሉ። አንዱ የታመመ ይጠይቃል፣ አንዱ ለደካማ ገበያ ይሄዳል፣ ሌላው ሐዘንተኛ ያጽናናል። ናኡም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ዳቦና ወተት፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ የሰንበት ምግብ አምስት ፎቅ የሚያወጡላቸው የማኅበሩ ሰዎች ናቸው። የገናናው ወዳጅ ጋሽ ግርማ ስለ ማኅበሩ መጀመሪያ ሲነገረው፣ «እድር ነው በለኛ!» ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ገናናውም እድር እያለ ይጠራው ጀመር።

ገናናው የቤተ እስራኤል ልጅ ነው። ጎንደር አጠገብ ተወልዶ፣ በጉርምስናው እስከ ሱዳን በእግሩ ተጉዞ፣ እስራኤል ውስጥ ዘመኑን ገፍቶ፣ ልጁ ሩሐማ ፍራንክፈርት ስታገባ ከሚስቱ ከየወርቅውሃ ጋር ተከትሏት መጣ። አሁን አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ይሠራል። መጀመሪያ ወደ ምኩራቡ የሄደ ዕለት የበሩ ጠባቂ ሌላውን ሰው ሁሉ እያሳለፈ እሱን አቁሞ ይመረምረው ያዘ። ከየት ነህ? ማንን ፈልገህ ነው? የዛሬው በዓል ስም ምንድነው? ገናናው እንዲህ ያለው ጥያቄ አዲሱ አልነበረም። ጎንደር አይሁዳዊ ነህ ተብሎ ተሰድቧል፤ እስራኤል አይሁዳዊ መሆንህን አስረዳ ተብሏል። ወደ ቤቱ ሊመለስ ፊቱን ሲያዞር አንድ ነጭ ሽማግሌ መጥተው ክንዱን ያዙት።

«ዘመዴ ነው» አሉ ጠባቂውን።

ጠባቂው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሱን አየ። «በማን በኩል?»

«በአብርሃም በኩል።»

እንዲያ ነበር ከናኡም ጋር የተዋወቁት።

የዚህ እሁድ ነገር የተጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። እሁድ የናኡም ሚስት የሊዛ ሙት ዓመት ነበር። በሙት ዓመት ቃዲሽ የሚባለው ጸሎት ይደረሳል፤ ቃዲሽ ደግሞ አሥር ወንድ ካልተሟላ አይባልም። የማኅበሩ ሊቀመንበር አርካዲ፣ «ችግር የለም፣ አሥራችንም ቤትዎ እንመጣለን» አላቸው። ናኡም ግን ጠረጴዛውን መቱ።

«አሥር ሰው ቤት ድረስ የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። እኔ አልሞትኩም! ለሊዛ ቃዲሽ የምለው እዚያው ምኩራቡ ውስጥ፣ በቦታዬ ቆሜ ነው።»

«ደረጃውንስ?»

«እሱን እናንተ አስቡበት። ማኅበር አይደላችሁ?»

አሰቡበት። አርካዲ ወገቡን ስለሚያመው መኪና ሊያቀርብ ተስማማ። ለመሸከም ገናናው፣ ታክሲ ነጂው ኦፊርና በጎልማሳነቱ ወደ እምነቱ የገባው ጀርመናዊው ፖስተኛ ቶማስ ተመደቡ። አራተኛ ትከሻ ግን ጠፋ፤ የቀሩት አባላት ራሳቸው ተሸካሚ የሚሹ ናቸው። ገናናው ለጋሽ ግርማ ደወለ። ጋሽ ግርማ በተማሪነት ዘመኑ ከአገር የወጣ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያለ መሐንዲስና ጽኑ ኦርቶዶክስ ነው።

«እሁድ ጠዋት? ቅዳሴ አለብኝ እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ስንተኛ ፎቅ ነው?»

«አምስተኛ።»

«ጉልበቴን ታውቀዋለህ።»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ጋሽ ግርማ።»

ጋሽ ግርማ ተነፈሰ። «መቼስ ምን ይደረግ! በአገራችን ቃሬዛ የሚሸከም ሰው ሃይማኖትህ ምንድነው ተብሎ አያውቅም።»

«በእኛ መንደር ግን» አለ ገናናው፣ «የእኛን ሰው ቃሬዛ ከእኛ በቀር የሚሸከም አልነበረም። ቡዳ ናቸው ይሉን ነበር።»



«እንግዲያው» አለ ጋሽ ግርማ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ልጀምረዋ።»

አሁን ጋሽ ግርማ ከላይ በኩል የወንበሩን መደገፊያ ይዞ በየደረጃው «ኧረ ጉልበቴ! ኧረ እናቴ!» ይላል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ሐውስማይስተሩ እያለከለከ ወጥቶ መሀል ደረጃው ላይ ተገተረ።

«ክልክል ነው! ሰው ቢወድቅ ማነው ተጠያቂው? ኢንሹራንሱ አይሸፍንም። ወደ ላይ መልሷቸው!»

«ወደ ላይ መመለስ ከመውረድ ይከብዳል» አለ ኦፊር።

በዚህ መሀል የአንዱ ቤት በር ተከፈተና በነጠላ የተከናነቡ ሴትዮ ብቅ አሉ። ከአሥመራ የመጡ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሚኖሩ እትዬ መርሃዊት ናቸው።

«ዋይ! አማርኛ ሰማሁ ልበል? ማነው እናቴ የሚለው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ጋሽ ግርማ ላቡን በትከሻው እየጠረገ።

እትዬ መርሃዊት ወንበሩን አዩ፣ ናኡምን አዩ፣ ሐውስማይስተሩን አዩ። ከዚያ በጀርመንኛ ወረዱበት። «ሊፍቱን ሠርተኸዋል?»

«ዕቃው ታዟል እኮ፣ እመቤት…»

«አልሠራኸውም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ውኃ ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ስወጣ ኢንሹራንስ ያለኝ አልነበረም። ዞር በል!»

ሐውስማይስተሩ ዞር አላለም፤ ስልኩን አወጣና ደወለ። የደወለው ለአደጋ ጊዜ ቁጥሩን ሰጥቶት ለነበረው ለግሪሻ ነበር። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ወደ ናኡም ዘረጋው።

«አባባ» አለ የግሪሻ ድምፅ፣ «እለምንሃለሁ፣ ወደ ቤት ተመለስ። ትወድቃለህ።»

«ግሪሻ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«እሁድ…»

«የእናትህ ሙት ዓመት ነው። አንተ ዛሬ ቃዲሽ ትልላታለህ?»

 አራቱ ሰዎች ወንበሩን እንደተሸከሙ የግሪሻን መልስ ጠበቁ።

«እንግዲያው እኔ ልሂድ፣ ልጄ። ሰዎቹ ደከማቸው» አሉ ናኡም።

ገናናው ሐውስማይስተሩን ፊት ለፊት አየው። «ወይ ያዝልን፣ ወይ አሳልፈን» አለው። ሰውየው ለአፍታ አመነታና ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። አለፉት።

ምኩራቡ ውስጥ ናኡም በኦፊርና በቶማስ ተደግፈው ቆሙ። ቃዲሹን ሲጀምሩ ድምፃቸው ቀጠነ፤ መሀል ላይ ተቆረጠ። አርካዲ ቃሉን ሊያስታውሳቸው ቢሞክር በእጃቸው ከለከሉት። የጠፋባቸው ቃሉ አልነበረም። እንደገና ትንፋሽ ሰብስበው እስከ መጨረሻው አሉት፤ ሁሉም «አሜን» አላቸው። ጋሽ ግርማ ኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የተሰጠውን ቆብ አናቱ ላይ በእጁ ይዞ፣ በልቡ የራሱን ጸሎት ያደርስ ነበር።

ቁርሱ ላይ ጥቁር ዳቦ፣ ዓሣ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ኮምጣጤ የገባ ኪያር ነበረ። ጋሽ ግርማ የነቢያት ጾም ስለገባበት እንቁላሉን ገፋ አድርጎ በኪያርና በዳቦ ረካ። ናኡም ለሊዛ አንድ መለኪያ ቮድካ አስቀዱ፤ እንዴት ትራም ውስጥ እንደተዋወቁ፣ እንዴት ስትናደድ ሰሐን ትቆጥር እንደነበር አወሩ። ከሰባት ሳምንት ወዲህ ፊታቸው ላይ ቀለም ሲመለስ ገናናው ያየው ያኔ ነው።

ሲመለሱ ሐውስማይስተሩ በሩ ላይ ይጠብቃቸዋል። አሁን አይጮህም፤ የተላከበትን ብቻ ተናገረ። «አስተዳደሩ እንዲህ ብሏል። ዛሬ ወደ ቤታቸው ይውጡ፣ ግድ የለም። ከዚህ በኋላ ግን ሰው ተሸክሞ የተገኘ ሰው ሕንፃው ውስጥ ድርሽ እንዳይል ይከለከላል።»

አርካዲ አንገቱን ደፋ። «እናውጣቸውና ሊፍቱ እስኪሠራ እንታገሥ» አለ በለሆሳስ። «ከተከለከልንማ ምግብ የሚያደርስላቸውም ይጠፋል።»

አነጋገሩ እውነት ነበረው። ገናናው ምድር ቤት ትተውት በነበረው ወንበር ላይ ናኡምን አስቀምጦ፣ መቀነቱን አጥብቆ፣ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን እግር ያዘ።

«ተወው» አሉ ናኡም።

«ምን አሉ?»

«አልወጣም።» መቀነቱን በራሳቸው እጅ ፈቱት። «ወደ ላይ ካወጣችሁኝ ግሪሻ መጥቶ ወደ መጦሪያው ይወስደኛል። ሊፍቱ እስኪሠራ እዚሁ ነኝ።»

«እዚህ መቀመጥ አይቻልም!» አለ ሐውስማይስተሩ።

«ለምን አይቻልም? ለዚህ ኮሪደር መብራትና ጽዳት በየወሩ እከፍላለሁ። ለሊፍቱም እከፍላለሁ፣ ለማይሠራው! ሂድና ሽማግሌው ምድር ቤት ተቀምጧል በላቸው። ጋዜጠኛም ይምጣ፣ ፖሊስም ይምጣ። ወንበሩ የራሴ ነው።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። አርካዲ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን ከላይ ጫማ የሚጎትት ሰው ኮቴ ተሰማ። እትዬ መርሃዊት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ብርድ ልብስ፣ በሌላው ታጣፊ ወንበር ይዘው ወረዱ። ብርድ ልብሱን ናኡም ጉልበት ላይ አደረጉ፤ ወንበሩን ከጎናቸው ዘርግተው ተቀመጡ።

«ኣንታ ልጅ» አሉ ገናናውን በአማርኛ፣ «ከላይ ጩኸት ብቻ ነው የሰማሁት፤ እኚህ ሽማግሌ ምን አሉ?»

«ሊፍቱ እስኪሠራ አልወጣም ነው የሚሉት።»

«ደግ አሉ። እኔም አልወጣም።»

ጋሽ ግርማ ሳቀ፤ ጉልበቱን እያሸ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ቶማስ የፖስታ ቤት ጃኬቱን ናኡም እግር ሥር አነጠፈ። ኦፊር ቡና ሊያመጣ ወጣ። የሕንፃው ሰዎች ሲገቡና ሲወጡ እየቆሙ ይጠይቃሉ፤ ሕፃን በጋሪ የያዘች ወጣት እናት «እኔም ሰልችቶኛል» ብላ ጋሪዋን እዚያው አቆመች። ሐውስማይስተሩ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «አዎ፣ ተቀምጠዋል… አይ፣ እየበዙ ነው» ይላል።

ናኡም ገናናውን በጣታቸው ጠሩት። «አንተ ሂድ። የከሰዓት ፈረቃ አለብህ፤ ሚስትህ ነግራኛለች።»

እውነት ነው፣ ነበረበት። ባለፈው ወር ሩሐማ ስትወልድ አርፍዶ አንድ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ወደ በሩ ፈንጠር ብሎ ለፈረቃ ኃላፊው ለጆኒ ደወለ። ጆኒ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም።

«ዛሬ አልመጣም፣ ጆኒ።»

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

ጆኒ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገኔ፣ ስማኝ። አሞኛል በልና ልጻፍልህ። ነገ ሐኪም ዘንድ ቴርሚን ያዝ፣ የቀጠሮውን ወረቀት አሳየኝ፣ አለቀ። ያለዚያ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ነው።»

ገናናው ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ናኡም ለእትዬ መርሃዊት በጀርመንኛ ስለ ሊዛ ያወሯቸዋል፤ አርካዲ ካፖርቱን እያወለቀ ነው።

«ጤነኛ ነኝ» አለ ገናናው። «አንድ ሽማግሌ ሊፍት ተበላሽቶባቸው ምድር ቤት ተቀምጠዋል፤ ገናናውም አብሯቸው ተቀምጧል ብለህ ጻፍ።»

«እንዲህ ተብሎ ይጻፋል እንዴ?»

«ስሜን ከነአባቴ አድርገህ ጻፈው» አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ተመልሶ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ ከናኡም እግር አጠገብ ተቀመጠ።