ሁለተኛው ካሴት

"ንዳ! እርገጠው! ወደ ኋላ አትይ፣ ንዳ!"

የውብዳር ተነሥታ ቆማለች። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ብስክሌተኛ ዳገቱን እያማጠ ይወጣል፤ እሷ እጇን እያወናጨፈች ከወዲህ ታግዘዋለች። ከኋላዋ ያሉት "ኧረ ቁጭ በይ፣ ጋረድሽን!" ቢሏትም የሚሰማ ጆሮ የላትም። ዘርይሁን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ያቀርባል። ዛሬ ግን ዓይኑ በየመሀሉ ወደ እሷ እየሄደ አስቸግሮታል። የውብዳር ታናሽ ወንድሟ ሞቷል። እሷ አልሰማችም።

ቤቱ የሙዘሚል ጨርቅ መሸጫ ጓዳ ነው፣ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ውስጥ። ሙዘሚል ቪዲዮ ዴክ ከገዛ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአገሩ የተሰደደው ሁሉ የሚሰበሰበው እዚህ ነው፤ ሙስሊሙ ነጋዴም፣ ከዘርይሁን ጋር የሚጸልዩት የወንጌል አማኞችም። የሚታየው የስፖርት ፊልም ብቻ ነው። ሙዘሚልና የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች በብዙ ነገር ባይስማሙም መሳሳም እንዳይታይ ግን ተስማምተዋል፤ ሩጫና ቡጢ ላይ ደግሞ መሳሳም አይበዛም። ድንገት ከመጣ ሙዘሚል ብድግ ብሎ በሰፊ ጀርባው ቴሌቪዥኑን ይከልልና ፊቱን ወደ ሰዉ እንዳዞረ "አለፈ?" ብሎ ዘርይሁንን ይጠይቃል። እስኪያልፍ ንቅንቅ አይልም።

ዘርይሁን አገር ቤት እያለ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ደርግ የጸሎት ቤታቸውን ሲያሽግ እሱንም አሰረው፤ ሲፈታ ሹልክ ብሎ ናይሮቢ ገባ። እሑድ እሑድ የእንግዳ ሰባኪዎችን ስብከት አንድ ቃል ሳይጨምር፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ ይተረጉማል። ቅዳሜ ግን ምላሱ ይፈታል። በምስል የሚታየውን መለወጥ አይችልም፤ የወደቀው ወድቋል። የሚባለውን ግን ማን ይቆጣጠረዋል? በእሱ አማርኛ ሐኪም ተስፋ ቆርጦ አያውቅም። አሠልጣኝ ተቆጥቶ ጥሎ አይሄድም። የቤት አከራይ ሳይቀር "ግድ የለም፣ ሲኖርህ ትከፍላለህ" ይላል።

"አንተ፣ ቅዳሜ የዋሸኸውን እሑድ ነው የምታወራርደው?" እያለ ሙዘሚል ያሾፍበታል።

ዘርይሁን አይቀየምም። ሰው ሳምንቱን ሙሉ በስደተኛ ጽሕፈት ቤት ደጅ "ነገ ና" ሲባል ከርሞ ቅዳሜ ደግሞ "አይሆንም" እንዲባል አይፈልግም ነበር። በዚህ ሥራው ከሁሉ በላይ የምትደሰትበት የውብዳር ናት። ላቪንግተን በአንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ዕረፍቷ የቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ናት። ልብስ ሳትቀይር፣ ሽርጧን በከረጢት ጠቅልላ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ላይ ትንጠለጠላለች። እዚህ ከደረሰች በኋላ ሯጩም እሷ፣ ዳኛውም እሷ። ፊልሙ ሲያልቅ ለሁሉም ትጸልይላቸዋለች። ጸሎቷ አንድ ቀን እንኳ ያለ ታመነ አልተዘጋም። ታናሽ ወንድሟ ታመነ ብሔራዊ ውትድርናን ሸሽቶ በሞያሌ በኩል እየመጣ ነበር። "ጌታ ያመጣዋል። መጥቶ እዚህ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊልም ያያል፤ ታዩታላችሁ!" ትል ነበር። አባባሏ ሌላውንም ሰው ያበረታው ነበር፤ የራሳቸውን ሰው መጠበቅ የደከማቸው እንኳ እሷን ሲያዩ እንደገና ይጠብቁ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ፈድሉ የሚባል ነጋዴ ከሞያሌ መጣ። ታመነ ድንበሩ እየታየው ወታደሮች ተኩሰው ጥለውታል። አፈር ያለበሱት ፈድሉና ጓደኞቹ ናቸው። ይህን ፈድሉ ለሙዘሚል ነገረው፤ ሙዘሚል ዘርይሁንንና ብዙነሽን ጠራ። ብዙነሽ ከሁሉም በዕድሜ ትልቋ ናት፤ የውብዳርን እንደ ልጇ ነው የምታያት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ወደ ሥራው ገባች።

"መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገረው" አለች። "ላቪንግተን እንዴት አድርገን ነው የምንሄደው? በጨለማ አሥር ሆነን ደጃፋቸው ላይ ብንቆም ዘበኛቸው ውሻ ነው የሚለቅብን።"

"ገብተን ብንነግራትስ? እዚያ ሰፈር ሰው ጮኾ አያለቅስም" አለ ሙዘሚል።

"ልጄ በባዕድ ቤት አፏን ታፍና አትረዳም! እኔ ቤት ታድራለች።"

"እትዬ ብዙነሽ፣ ማዳሟስ?" አለ ዘርይሁን። "ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ካልገባች ከሥራም ልታስወጣት ትችላለች።"

"ማዳሟን እኛ ሄደን እንለምናለን።"

ሙዘሚል ፂሙን እየደባበሰ ቆየ። "ሁለት ካሴት ያለው ፊልም አመጣለሁ። የስፖርት ከሆነ አቋርጣ አትሄድም። እሱ ሲያልቅ ማታቱም ይጠፋል።"

ዘርይሁን ነገሩ ደስ አላለውም። የሚወዱትን ሰው በሚወደው ነገር ማታለል ከበደው፤ የተሻለ ሐሳብ ግን አላገኘም።

ዛሬ ጠዋት እሱና ሙዘሚል ለፊልሙ ከጸሎት ቤቱ የተዋሷቸውን አግዳሚ ወንበሮች ከጓዳው ተሸክመው ብዙነሽ ቤት አደረሱ። ብዙነሽ ፍራሿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ቤቷን ለለቅሶ አስፍታ ጠበቀቻቸው። ስለዚህ ፊልም ተመልካቹ ዛሬ የሚቀመጠው በጨርቅ ጥቅልል ላይ ነው። የውብዳር ስትገባ ዙሪያውን አየችና "ወንበሮቹስ?" አለች።

"ቀለም ሊቀቡ ሄዱ" አለ ሙዘሚል።

"ሳዋ፣ እሺ" ብላ ቀይ ጥቅልል ላይ ተቀመጠች።

አሁን ብስክሌተኛው ዳገቱን ጨረሰ። ጓዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ቁልቁለቱ ላይ ግን መንገዱ እርጥብ ነበርና ጎማው ከዳው፤ ሰውየው ከነብስክሌቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ድንጋይ ጋር ተላተመ። የውብዳር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ወዲያው ሆስፒታል ታየ። ነጭ የለበሰ ሐኪም የብስክሌተኛውን እናት ወደ ኮሪደር ይዟት ወጣና ቀስ ብሎ ተናገረ።

ይህን የመሰለ ቦታ ዘርይሁን ስንቱን በዘዴ አልፏል! "ከሁለት ወር በኋላ እንደ ድሮው ይሆናል" ቢል ሰዉ እፎይ ይላል፣ እሱም ይቀጥላል። አፉን ከፈተ። የውብዳር ዓይኗን ከሐኪሙ ላይ አንሥታ እሱን፣ አፉን እየጠበቀች ነበር። መርዶውን መደበቁ ሳያንስ እነዚያን ዓይኖች ደግሞ መዋሸት አቃተው።

"አዝናለሁ" አለ ዘርይሁን። "ልጅሽ ከእንግዲህ ብስክሌት አይነዳም።"

የውብዳር እጇን ከአፏ ላይ አወረደች።

"ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሐኪም ነው!" አለ ከኋላ አንዱ። ሙዘሚል ሳል ያዘው። ብዙነሽ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። ብዙም ሳይቆይ ምስሉ ተበጣጠሰና የመጀመሪያው ካሴት አለቀ።

የውብዳር ከረጢቷን አንሥታ ቆመች።

"ወዴት ነው?" አለ ሙዘሚል ደንግጦ። "ሁለተኛው አለ እኮ!"

"ይቆየኝ። ከታመነ ጋር ነው የማየው፤ በዚህ ሳምንት ይገባል ብያችሁ የለ? ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሬ አሳየዋለሁ። ደግሞ ማዳሜ የማታ እንግዳ አለባት።"

"የውቤ፣ ቁጭ በይ" አለች ብዙነሽ። "ዛሬ እኔ ጋ እደሪ።"

"እትዬ፣ ተባረሪ ነው የምትይኝ?" ብላ ሳቀች የውብዳር። ማንም አልሳቀላትም። ሙዘሚል ዘርይሁንን አየው፤ "አንተ አስቀራት" ማለቱ ነው።

ዘርይሁን ከበርጩማው ተነሣ። ካሴቱ ነገ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ማታቱ አድማ መቷል፤ የሚለው ሁሉ ተሰልፎ ነበር። አንዱም ከአፉ አልወጣም።

"እህት የውብዳር፣ እደሪ" አለ። "ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።"

እሷ ከረጢቷን ደረቷ ላይ አቅፋ አየችው። ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ በቀስ ወረደ።

"ሐኪሙን እንዳለ ተረጎምከው" አለችው።

"እንግሊዝኛ ትሰሚያለሽ እንዴ?"

"ማዳሜ ይኼን ሁሉ ዓመት በምን ቋንቋ ስትቆጣኝ የኖረች ይመስልሃል? የአንተ እንደሚለይ ድሮም አውቃለሁ። የአንተ ይሻለኝ ነበር።" በባዶው ወለል ላይ ዓይኗን አዞረች። "እነዚያ አግዳሚዎች ከዚህ ሲወጡ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አንዱ ለሙሉነሽ ሰርግ ነው። ሌላው ለደስታ እናት ለቅሶ። በዚህ ሳምንት የሚያገባ ሰው አልሰማሁም።"

ነገሩን ሳያውቁ የመጡት ሁሉ አሁን አወቁ፤ አንዲት ሴት "ጌታ ሆይ" አለች በለሆሳስ። ዘርይሁን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። በሆዱ "አሁን ትጮኻለች፣ አሁን" ይላል። እንድትጮህም ፈለገ።

"ሲነጋ ነው የምትነግሩኝ፣ አይደል?" አለች።

"የውቤ፣ ልጄ..." ብዙነሽ ልታቅፋት ተጠጋች። የውብዳር መዳፏን ዘርግታ አስቆመቻት።

"አትንገሩኝ። እትዬ፣ በማርያም... በጌታ ይዤሻለሁ፣ አሁን እንዳትነግሪኝ። እስኪነጋ ወንድም ይኑረኝ።"

ጫማዋን አወለቀች። ጎን ለጎን አድርጋ ጥግ አስቀመጠችው። ከረጢቷን ከጎኗ አኑራ ቀዩ ጥቅልል ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ብዙነሽንም እጇን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት። ውጭ የማታቱ ረዳት ወደ መሃል ከተማ የሚሄድ ሰው ይጣራ ነበር፤ ዞራም አላየችው።

"ሙዘሚል፣ ሁለተኛውን ክተተው።" ከዚያ ወደ ዘርይሁን ዞረች። "አንተ ደግሞ እንዳለ ተርጉምልኝ። እንዳታሳምረው።"

ሙዘሚል ካሴቱን ከተተው። ዘርይሁን ፊልሙን ቀድሞ አላየውም፤ መጨረሻው ምን እንደሆነ አያውቅም። በርጩማውን ከቴሌቪዥኑ ጎን አንሥቶ እሷ እግር አጠገብ አኖረው። ምስሉ መጣ። ብስክሌተኛው አልጋው ላይ ዓይኑን ገልጦ እናቱን አንድ ነገር ጠየቃት።

"ብስክሌቴ የት አለ?" አለ ዘርይሁን።

እናትየው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መለሰችለት።

"ተሰብሯል፣ ልጄ።"

የውብዳር የብዙነሽን እጅ አጥብቃ ያዘች።

"ቀጥል" አለችው።